ከኋላ ወንበር እንጀምር

(ጅማ ከተማ ውስጥ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ? አካም ኦልተን?

ዛሬ የምናገረው ስለ ንባብ፣ ስለ አጠናንና ስለ ቴክኖሎጂ ነው። ሦስቱም በአንድ ጥያቄ ይያዛሉ ብዬ አምናለሁ። የምናስተምረው ነገር የሚደርሰው ለየትኛው ልጅ ነው? ፊት ለተቀመጠው፣ ደህና ለሚያየውና ለሚሰማው፣ የትምህርቱን ቋንቋ ከቤቱ ይዞ ለመጣው፣ ስልክ ላለው ልጅ ብቻ ነው ወይስ ለሌላውም?

እኔ የምለው ይህን ነው። ትምህርት ስናዘጋጅ መጀመሪያ የምናስበው ለመከተል የሚቸገረውን ልጅ ይሁን። ለእሱ ብለን የምናስተካክለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉን በሙሉ ይጠቅማል። ለጎበዙ አዘጋጅተን "ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን" ካልን ግን አናየውም። ሴሚስተሩ ያልቃል።

የጅማ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መምህሩ ይጮኻል። ፊት ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ኋላ ያሉት ትተው ወሬ ይይዛሉ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ማንም ማንንም አይሰማም። አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ዝናብ ባይኖርም መስማት የሚከብዳት አንዲት ልጅ አለች እንበል። መምህሯ ለእሷ ሲል የዕለቱን ዋና ነጥቦች ሰሌዳ ላይ መጻፍ ለምዷል። ሲናገር ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ ያዞራል፤ ወደ ሰሌዳው ዞሮ አያወራም። አዲስ ቃል ሲመጣ ጽፎ ያሳያል። እንዲህ ያለ ክፍል ዝናብ ሲመጣ ትምህርቱ አይቋረጥበትም። ለአንዲት ልጅ የተለመደው ነገር ለሁሉም ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ንባብ ልግባ። ብዙ ጊዜ የምወስደውም እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክ ደግሞ አሥር ዓመት ከሞላቸው የኢትዮጵያ ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። እኛ የምንደነግጠው ማትሪክ ሲመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። እየተሻሻለ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ያ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም የወደቀው። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ሳለ ያላነበበው ዓረፍተ ነገር ነው እየተከተለ የመጣው።

እስቲ አንዱን ልጅ ጠጋ ብለን እንየው። ሦስተኛ ክፍል ነው። የፊደል ገበታ ዘርጉለትና "ቆ የቱ ነው?" በሉት። ጣቱን "ቀ" ላይ ያሳርፋል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ፣ ቄ፣ ቅ... "ይሄ!" ይላል። ልክ ነው፤ አገኘው። ግን አንድ ፊደል ለማወቅ ከፊቱ ያሉትን ስድስቱን መቁጠር ነበረበት። በዚህ አካሄድ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። እንዲህ ያለው ልጅ የመማሪያ መጽሐፉን ምንባብ እንኳ ፉት ሊልላችሁ ይችላል፤ ሌሎች ሲያነቡ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። መሀል ላይ አንድ ቃል ብትጠቁሙት ግን ዝም ይላል።

መድኃኒቱ ልጁን መቆጣት አይደለም። ፊደሉን ከተራው አውጥቶ ማስተማር ነው። በዜማ መቁጠሩ ይቅር አልልም፤ ጥሩ መነሻ ነው። ግን በዚያው ቀን "ቡ፣ ሱ፣ ሩ፣ ኩ" እያሉ አቀላቅሎ ማሳየት ያስፈልጋል። የብዙዎቹ ካዕብ (ሁለተኛው ድምፅ፣ እንደ ቡ) ምልክት ከቀኝ ወገባቸው ላይ እንደሚወጣ፣ የብዙዎቹ ሳልስ (ሦስተኛው፣ እንደ ቢ) ደግሞ ከቀኝ እግራቸው ሥር እንደሆነ ልጁ አንዴ ካየው፣ 231 ፊደል አንድ በአንድ መሸምደዱ ቀረለት። ሳድስና ሳብዕ (ስድስተኛውና ሰባተኛው፣ እንደ ብ እና ቦ) ግን ወጥ መልክ የላቸውም። ለእነሱ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ልምምድ ስጡ። ደ እና ጀን፣ ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን በአንድ ቀን አታስተምሩ። ይህ ሁሉ የማንበብ እክል ላለበት ልጅ በጣም ይረዳዋል። ዲስሌክሲያ የሚባለውን ማለቴ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ "ሰነፍ" ተብሎ ነው የሚያልፈው። ሰነፍ አይደለም። ሌሎቹ ይህን ልምምድ በሳምንት ሲጨርሱት እሱ ወር ይፈልጋል፤ ያን ወር ካገኘ ያነባል።

የጅማ ልጅ ደግሞ ሌላም አለበት። ቁቤን (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) እና የአማርኛውን ፊደል፣ በላዩ ላይ እንግሊዝኛን ይማራል። ቁቤ ላይ የሚጠብቀው ድምፅ በድርብ ይጻፋል፤ አናባቢውም ሲረዝም እንዲሁ። ፊደል ላይ ጥብቀት አይታይም። "አለ" ጠብቆ ይነበብ ላልቶ ልጁ የሚያውቀው ከሐሳቡ ነው። ስለዚህ አማርኛ ቤቱ ለማይነገርበት ልጅ ቃሉን መጀመሪያ በጆሮው ማስለመድ ያስፈልጋል። የማያውቀውን ቃል ፊደሉን ስለለየ ብቻ አያነበውም። አማርኛ ቤቱ የሚነገርበት ልጅ ቁቤ ሲማርም እንዲሁ ነው። አንዱን ከሌላው ማወዳደርና "አማርኛ አይችልም"፣ "ኦሮምኛ አይችልም" እያሉ መሳቅ ይቁም። ልጅ አንዴ ከተሳቀበት ጮክ ብሎ አያነብም።

የሚነበብ ነገር የለም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ መጽሐፍ ውድ ነው። ግን ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሕርማታ መርካቶ በእግር ሂዱና ቀና በሉ። የሱቁ፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የባንኩ ታፔላ በሦስት ቋንቋ ተጽፏል። ከልጃችሁ ጋር ስትሄዱ ሦስቱን ታፔላ አስነብቡት። ነፃ ነው። "አፍሪካን ስቶሪቡክ" የሚባለው ድረ ገጽ ላይም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የልጆች ታሪኮች አሉ። ማንም አውርዶ ማተም ይችላል። አንድ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በላስቲክ ከተሸፈነ ስንት ልጅ ያነበዋል።

ይህን የምለው ከታሪካችን ተነስቼ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተምሯል። ዩኔስኮም ሸልሞታል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ከእርሻ መልስ በኩራዝ ተምረዋል። ትልቅ ሥራ ነበር። ከተማሩት ብዙዎቹ ግን በኋላ ረሱት፤ እጃቸው ላይ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ። ያነበበ ልጅ ነገም የሚያነበው ካላገኘ ከእሱም ይጠፋል።

እዚህ ላይ ከመሀል አንዲት እናት ጠየቁኝ። "እኔ አላነብም። ልጄን በምን ልርዳ?" አሉ። እትዬ፣ በብዙ ይረዱታል። ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ይቀመጥና ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። ሲጨርስ "ማን ምን አደረገ? ለምን? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ይበሉት። ይህን ለመጠየቅ ፊደል አያስፈልግም። ካልገባው ይጋጭበታል፤ እርስዎም ያውቁበታል። ተረት ካወቁ ደግሞ ይንገሩት፤ እሱ ይጻፈው። ያ የሚያነበው መጽሐፍ ሆነ።

ከንባብ ሳልወጣ ስለ ዓይን አንድ ነገር። መምህራን፣ ነገ ሰሌዳው ላይ እንደ ወትሯችሁ ጻፉና ሄዳችሁ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይነበባል? ከጎኑ ልጅ ደብተር የሚገለብጥ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ሰሌዳው የማይታየው አለ። ወንበሩን ቀይሩለት፣ ጽሑፉን አተልቁለት፣ ለወላጁም ንገሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው፤ ሩቅ አይደለም። በመነጽር የሚፈታ ችግር የልጁን የትምህርት ዘመን ሲበላ ማየት ያንገበግባል።

ወደ አጠናን ልሂድ። "አጥና!" እንላለን። እንዴት እንደሚጠና ግን የት ነው የምናስተምረው? ልጆቻችን የሚያውቁት ሽምደዳ ነው። ደብተሩን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ማንበብ። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት አለ። ተማሪዎቹ ሁለት ጽሑፎች አነበቡ። ከዚያ አንዱን ደግመው አነበቡት። ከሌላው ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ አስታወሱ፤ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 በመቶ። የኛ ተማሪ ሌሊት ሲያነብ "ገብቶኛል" የሚለው ያቺን የአምስት ደቂቃዋን ነው። ፈተናው ሳምንት ቆይቶ ሲመጣ ይጠፋበታል።

ስለዚህ ደብተሩን ዝጋ። ባዶ ወረቀት አውጣ። ያስታወስከውን ጻፍ። ከዚያ ክፈትና የጎደለውን ሙላ። ከሦስት ቀን በኋላ ድገመው፤ ከሳምንት በኋላም። ዘዴው ማንንም አያስቀርም። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ስልኩ ላይ እየቀዳ ይናገራል። መጻፍ የሚከብደው ለጓደኛው ያስረዳል። ቤት ገብታ እንጀራ የምትጋግረዋ ልጅ እየጋገረች በልቧ ትጠይቃለች። ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ጸጥታ ያለው ቤት አይጠይቅም። እኔ የምወደውም ለዚህ ነው።

ከጥቅምት ጀምሮ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ታውቃላችሁ። ቡና ለቀማ። በዙሪያችን ባሉ ወረዳዎች ልጆች ለሳምንታት ከክፍል ይቀራሉ። ወላጅን መውቀስ ቀላል ነው፤ የዓመቱ ገቢ ግን ያኔ ነው የሚገባው። ልጁ ሲመለስ ትምህርቱ ሦስት ምዕራፍ ርቆታል። የሚያፍር ልጅ ደግሞ አይጠይቅም፤ ቀስ ብሎ ይተዋል። ለዚህ "የሳምንቱ አንድ ገጽ" እንዲለመድ እለምናለሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ተማሪዎች የሳምንቱን ዋና ነጥብ በአንድ ገጽ ይጻፉ፣ መምህሩ ይየውና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቡና ለቅሞ የመጣው ያነበዋል። ታሞ የከረመው ያነበዋል። በወር አበባ ምክንያት የቀረችው ታነበዋለች። የጻፉት ሁለቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተምረዋል። ተረኞቹ ግን ይቀያየሩ። ግሩፕ ወርክ ላይ እንደምናየው አንዱ ጎበዝ ሠርቶ ሌላው ስሙን ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ምንም አልሠራንም።

አሁን ቴክኖሎጂ። ስልጠና በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሳው ኮምፒውተር ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ታስታውሳላችሁ። ከሩቅ የሚተላለፍ፣ በእንግሊዝኛ የሚፈጥን ትምህርት ነበር። እጅ ቢወጣም አይቆምም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ። ማየት ለማይችል ልጅ፣ መስማት ለማይችል ልጅ፣ እንግሊዝኛው ላልገባው ልጅ ቆም ብሎ አይጠብቅም። ስክሪኑ በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሲዘጋጅ የኋላ ወንበሩ ልጅ አልታሰበም።

ዛሬ ስክሪኑ ኪሳችን ውስጥ ነው፤ ያው ስህተት ደግሞ ቴሌግራም ላይ ይደገማል። መምህሩ ሾርት ኖቱን በእጁ ይጽፋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ግሩፑ ላይ ይለቃል። ደግ አሰበ። ግሩፑ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ስልኩ ላይ ቶክባክን ከፍቷል። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲያንሸራትት ስልኩ ያነብለታል። ፎቶው ላይ ሲደርስ "ፎቶ" ይለዋል። አለቀ። ያው ኖት በጽሑፍ ቢላክ ሙሉውን ይሰማው ነበር። ዳታ የሌለው ልጅም በሳንቲም ያወርደው ነበር፤ ጽሑፍ ከፎቶ በጣም ይቀላል። ዓይኑ ደከም ያለው አተልቆ ያነበው ነበር። ፈላጊውም ፈልጎ ያገኘው ነበር። በአንድ ልማድ አራት ልጅ። ቁልፍ ሰሌዳውን መልመድ ይከብዳል ለምትሉ፣ ጂቦርድ የሚባለው የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ አማርኛ አለው፤ ሁለት ሳምንት ታግሳችሁ ጻፉበት።

ኮምፒውተር ላይ ለምትጽፉም አንድ ነገር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፈተና ዛሬም በየፍላሹ ይዞራል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል፤ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌርም ትርጉም የለሽ ነገር ያነባል። በዩኒኮድ ጻፉ። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን አንባቢ በነፃ ይጫናል፤ አብሮት የሚሠራው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛም ኦሮምኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ግን የሚያዳምጥ ተማሪ ቶሎ ይለምደዋል። ብሬይልም በዚህ አይቀርም። ሒሳብና አጻጻፍ በጆሮ ብቻ አይያዝም፤ ልጁ ፊደሉን በጣቱ ሊነካው ይገባል። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ደግሞ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ነው። አንድ መምህርና አምስት ጓደኞቿ መሠረታዊውን ቢማሩ፣ ያቺ ልጅ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን አትቆምም።

ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ለአምስት ሲሆን ማውሱን ማን እንደሚይዝ እዩ። ቀልጠፍ ያለው ወንድ ልጅ ነው። ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ያያሉ። በየአሥር ደቂቃው እጅ ይቀየር። በሰዓት ያዙት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ይዛ የማታውቅ ልጅ መልሱን እያወቀች ደቂቃ ልታጣ አይገባም።

ቻትጂፒቲን አትንኩ አልላችሁም ተማሪዎች። አሳይንመንታችሁን ከጻፈላችሁ ግን የተማረው ማን ነው? "ከዚህ ምዕራፍ አሥር ጥያቄ ጠይቀኝ፣ መልሱን እኔ እስክመልስ አትንገረኝ" በሉት። ያ ቅድም ያልነው ራስን መፈተን ነው። ይሳሳታል፤ በአማርኛና በኦሮምኛ ደግሞ የበለጠ ይሳሳታል። ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩ። ይህን ለማመሳከር ማንበብ መቻል ያስፈልጋል፤ ንባብን ያስቀደምኩት ለዚህም ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ ርእሰ መምህር መጣ። "በጀት የለንም። ከየት እንጀምር?" አሉ። እስካሁን ያልኩት አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው ይጠይቃል። ሰው ደግሞ ጅማ ውስጥ አለ። አንድ ሥራ ላቅርብ። በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ እስከ 8ኛ ክፍል የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ጥርት አድርጎ የሚያውቅ ልጅ "ፎቶሲንተሲስ" ሲባል የማያውቀው ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ ለ9ኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርቶች ቁልፍ ቃላት በሦስቱ ቋንቋ እናዘጋጅ። በጽሑፍም በድምፅም። ጽሑፉ በዩኒኮድ ይሁን፤ ድምፁ ቴሌግራም ላይ በሚወርድ አጭር ቅጂ። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የማራካሽን ስምምነት ተቀብላለች። ስምምነቱ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጽሐፍን በድምፅና በብሬይል ለትርፍ ሳይሆን ማዘጋጀትን ይፈቅዳል፤ ለእነሱ ብለን እያነበብን መቅዳት እንችል ዘንድ መንገዱ ተከፍቷል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚህ አላችሁ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ወደ ማኅበረሰቡ ወጥቶ በማስተማር የታወቀ ነው። ባዮሎጂውን እናንተ ያዙት። ፊዚክሱንና ኬሚስትሪውን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራኖቻችሁ ጋር። ወላጆች፣ ኦሮምኛውና አማርኛው ቤት የሚነገረውን መስሎ እንደሆነ አድምጡና አርሙን። መቅጃው ስልካችሁ ነው። ስማችሁን በር ላይ ባለው ወረቀት ላይ ጻፉ። ከስማችሁ አጠገብ የምትይዙትን ትምህርትና የትኛውን ቋንቋ እንደምታነቡ ጨምሩበት።